የነዳጅ መለኪያው ምን ይለካል?

ጠላ የጠመቀች ባለሙያ ሴት በጋኑ ውስጥ የቀረውን ለማወቅ እንጨት ሰድዳ እስከ ምን ድረስ እንደ ራሰ ብትመለከት፣ ያገኘችው የጠላውን ከፍታ እንጂ መጠኑን አይደለም። የጋን አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ መቀመጫው ደግሞ እንደገና ጠባብ ነው። ስለዚህ ከአንገቱ አንድ ስንዝር ቢጎድል የተቀዳው ጥቂት ነው፤ ከሆዱ አንድ ስንዝር ቢጎድል ግን ብዙ እንግዳ ጠጥቷል ማለት ነው። ጋኗን ለብዙ ዓመታት የምታውቅ ሴት ይህን በልምድ ስለተረዳች አትሳሳትም። ነገር ግን ቅርጹ ሌላ የሆነ ጋን ከጎረቤት ተውሳ በዚያው እንጨትና በዚያው ልማድ ብትለካ፣ ድግሱ ሳይጋመስ ጠላው ሊያልቅባት ይችላል። እንጨቱ አልዋሸም፤ የተለወጠው ዕቃው ነው።

ይኸው እውነት በሞተር ብስክሌት የነዳጅ ታንክ ላይም ይሠራል። በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ገጠሮች ሞተር ብስክሌት ለመኪና በማይመቹ ቀጫጭን መንገዶች እየገባ የግብርና ባለሙያውን፣ መምህሩን፣ ነጋዴውንና የጤና ሠራተኛውን ያመላልሳል። ነዳጅ ማደያ ግን በየመንደሩ አይገኝም። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ባለሞተሮች ከፋብሪካ የመጣውን ታንክ አውልቀው በትልቅ ይተኩታል፤ ሌሎችም በጎኑ ወይም በስተኋላው ሁለተኛ ታንክ ይጨምራሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ታንኩ ሲለወጥ መለኪያው አብሮ ካልታረመ፣ ረጅም መንገድ ያስኬዳል ተብሎ የተገጠመው ታንክ ባለቤቱን ከመንገድ ሊያስቀረው ይችላል።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት ክትባት ይዞ ወደ ሩቅ መንደሮች የሚጓዝ አንድ የጤና ሠራተኛ እናስብ። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ አለባቸው። በበረዶ የተሞላው መያዣ ይህን ቅዝቃዜ የሚጠብቀው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ሞተሩ በቆላ ፀሐይ፣ ከሰው ርቆ፣ በነዳጅ እጦት ቢቆም ክትባቱ ይበላሻል፤ ሕፃናት አዝለው ከማለዳ ጀምሮ ሲጠብቁ የዋሉ እናቶችም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

የታንኩ ቅርጽና የመለኪያው አሠራር

የሞተር ብስክሌት ታንክ እንደ በርሜል ወጥ ቅርጽ የለውም። በአብዛኛው የሚቀመጠው በሞተሩ አካል ዋና ብረት ላይ ነው፤ ስለዚህ ከሥሩ ጎድጉዶ ብረቱን በመካከል ያሳልፍና በአህያ ጀርባ ላይ እንደተጫነ ጭነት ግራና ቀኝ ይንጠለጠላል። ላዩ አንድ ሰፊ ክፍል ሲሆን፣ ታቹ ግን ሁለት የተለያዩ ኪሶች ነው። ከላይኛው ክፍል የአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ መቀነስ ብዙ ነዳጅ መጉደሉን ሲያመለክት፣ ከታችኞቹ ኪሶች የአንድ ሴንቲ ሜትር መቀነስ ትርጉሙ ያነሰ ነው።

በተለምዶ ጌጅ የሚባለው የነዳጅ መለኪያ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው በነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ነገር ነው። ሁለተኛው ይህ ተንሳፋፊ የታሰረበት ክንድ ነው። ክንዱ ከፍና ዝቅ ሲል በጫፉ ያለው መነካኪያ በቀጭን የሽቦ ጥቅልል ላይ እየተንሸራተተ የኤሌክትሪኩን ፍሰት ያበዛል ወይም ያሳንሳል። ሦስተኛው በሹፌሩ ዓይን ፊት ያለው ጠቋሚ መርፌ ሲሆን፣ በፍሰቱ መጠን ልክ ወደ «ሙሉ» ወይም ወደ «ባዶ» ያዘነብላል። በአዳዲስ ሞተሮች ላይ በመርፌው ፋንታ ቁጥር ወይም የብርሃን መስመሮች ይታያሉ፤ ይሁን እንጂ በብዙዎቹ ከበስተጀርባ ያለው ያው ተንሳፋፊና ያው ክንድ ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው መለኪያው ሊትርን አይቆጥርም፤ የሚያውቀው ተንሳፋፊው ያለበትን ከፍታ ብቻ ነው። ከፍታውን ወደ መጠን የሚተረጉመው የፋብሪካው ባለሙያ ነው። ባለሙያው የታንኩን ቅርጽ አጥንቶ የክንዱን ርዝመትና የመርፌውን ምልክቶች ከዚያ ቅርጽ ጋር ያስማማል። ስለዚህ ትርጉሙ ለዚያ ታንክ ብቻ የተሰጠ ነው። በፋብሪካው ታንክ ላይ እንኳ መርፌው ፍጹም ትክክል አይሆንም። ሞተሩ ሽቅብ ሲወጣ፣ ቁልቁል ሲወርድ ወይም በአንድ ጎኑ ተደግፎ ሲቆም ነዳጁ ወደ አንድ ወገን ስለሚያጋድል ተንሳፋፊው ያልሆነ ነገር ያሳያል።

ታንኩ ሲለወጥ

ለውጡ በልዩ ልዩ መንገድ ይደረጋል፤ መርፌውም በእያንዳንዱ ረገድ የሚሳሳትበት መንገድ የተለየ ነው።

አንደኛው ታንኩን በትልቅ መተካት ነው። ብዙውን ጊዜ የአሮጌው ታንክ ተንሳፋፊና ክንድ ተነቅለው በአዲሱ ላይ ይገጠማሉ። አዲሱ ታንክ ከአሮጌው ጥልቅ ከሆነ ግን አጭሩ ክንድ እስከ ላይ ሊደርስ አይችልም። ነዳጁ ከክንዱ መድረሻ በላይ እስካለ ድረስ መርፌው «ሙሉ» ላይ ቆሞ ይቀራል። ነዳጁ ክንዱ የሚደርስበት ላይ ሲወርድ ብቻ መርፌው መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሹፌሩም መርፌው ለረጅም ጊዜ አለመነቃነቁን አይቶ ሞተሩ ነዳጅ ቆጣቢ የሆነለት ይመስለዋል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። መለኪያው በኪሶቹ ውስጥ ሳይሆን በመካከለኛው ጉድጓድ ጀርባ ላይ ከፍ ብሎ ቢገጠም፣ በኪሶቹ ውስጥ ብዙ ነዳጅ እያለ መርፌው «ባዶ» ይላል። ይህ ዓይነቱ ስሕተት ሹፌሩን ከመንገድ ባያስቀረውም ያለ ምክንያት ያስጨንቀዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ሹፌሩ ከጊዜ በኋላ «ባዶ» የሚለውን ምልክት መናቅ መልመዱ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ተጨማሪ ታንክ መግጠም ነው። ሁለቱ ታንኮች ከሥራቸው በቧንቧ ቢገናኙና ሁለቱም አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ቢኖራቸው፣ በውስጣቸው ያለው ነዳጅ እኩል ከፍታ ይይዛል። ይህ በፊዚክስ ትምህርት የሚታወቅ የተገናኙ ዕቃዎች ሕግ ነው። በዚህ ጊዜ በዋናው ታንክ ውስጥ ያለችው አንዲት ሴንቲ ሜትር የሁለት ታንክ ነዳጅ ስለምትወክል መርፌው ከቀድሞው በዝግታ ይወርዳል። ተጨማሪው ታንክ ከዋናው በላይ ሆኖ ወደ እርሱ የሚያፈስስ ከሆነ ግን፣ ተጨማሪው እስኪያልቅ ድረስ ዋናው እንደ ሞላ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ መርፌው በቀድሞ ፍጥነቱ መውረድ ይጀምራል። ተጨማሪው ታንክ ከዋናው በታች ከሆነ ደግሞ ነዳጁ ያለ ፓምፕ ሽቅብ ስለማይወጣ፣ ሹፌሩ የተሸከመው ነዳጅ ለሞተሩ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛው ሳይታሰብ የሚደርስ ለውጥ ነው። ሞተሩ ወድቆ ታንኩ ቢሰረጉድ የሚይዘው ነዳጅ ይቀንሳል፤ ስርጉዱም ክንዱን ሊያደናቅፈው ይችላል። የዛገ ታንክን ለማዳን በውስጡ የሚቀባው ማሸጊያም በጥንቃቄ ካልተቀባ ተንሳፋፊውን ከቦታው ያጣብቀዋል። በዚህ ጊዜ መርፌው ነዳጅ ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነገር ብቻ ያሳያል።

መጠባበቂያውም ከለውጡ አያመልጥም። ጌጅ በሌላቸው ብዙ ሞተሮች ላይ የነዳጁ መክፈቻ ሁለት መግቢያዎች አሉት። አንደኛው በታንኩ ውስጥ ከፍ ብሎ የቆመ ቀጭን ቱቦ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከታንኩ ወለል አጠገብ ነው። ነዳጁ ከቱቦው ጫፍ በታች ሲወርድ ሞተሩ መንገዳገድ ይጀምራል፤ ሹፌሩም መክፈቻውን ወደ መጠባበቂያው አዙሮ ጉዞውን ይቀጥላል። የመጠባበቂያው መጠን የሚወሰነው በቱቦው ቁመትና በታንኩ ወለል ስፋት ነው። ስለዚህ በአሮጌው ታንክ 2 ሊትር ያስቀር የነበረ ቱቦ ወለሉ ጠባብ በሆነ ሌላ ታንክ ላይ 1 ሊትር ብቻ ሊያስቀር ይችላል።

ርቀቱ እንዴት ይሰላል?

አንድ ሞተር በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀት የሚገኘው፣ ለሞተሩ የሚደርሰው ነዳጅ በሊትር፣ አንድ ሊትር በሚያስኬደው ኪሎ ሜትር ሲባዛ ነው። ስሌቱ ቀላል ቢመስልም ሁለቱም ቁጥሮች ያታልላሉ።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ሞተር 12 ሊትር የሚይዝና 18 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ታንክ አለው እንበል። በደህና መንገድ በ1 ሊትር 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቢሆን በአንድ ሙሌት 360 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ባለቤቱ 500 ኪሎ ሜትር የሚሆን ጉዞ ይጠብቀዋል። ይህ ርቀት በሰሜን ኬንያ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ካለው መንገድ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ 20 ሊትር የሚይዝና 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ታንክ ያስገጥማል፤ የቀድሞውን መለኪያም ወደ አዲሱ ያዛውራል። ቀጥሎም 20ን በ30 አባዝቶ 600 ኪሎ ሜትር ያገኛል። በእርሱ ግምት መንገዱን ጨርሶ 100 ኪሎ ሜትር ይተርፈዋል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ፣ መክፈቻው በታንኩ በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ከማዶው ኪስ 1 ሊትር ያህል ወደ ሞተሩ ሳይደርስ ይቀራል። በሁለተኛ ደረጃ፣ መንገዱ አሸዋማና ኮረኮንች፣ ጭነቱም ከባድ በመሆኑ 1 ሊትር 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ያስኬዳል። 19 በ25 ሲባዛ 475 ይሆናል። እንግዲህ 100 ኪሎ ሜትር ይተርፋል የተባለው ጉዞ በ25 ኪሎ ሜትር ጎደለ ማለት ነው።

መርፌው አስቀድሞ አያስጠነቅቀውምን? አያስጠነቅቀውም። ክንዱ የሚደርሰው እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ያለው የ7 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 7 ሊትር ይይዛል እንበል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 175 ኪሎ ሜትሮች መርፌው ከ«ሙሉ» አይነቃነቅም። ጉዞው 250 ኪሎ ሜትር ላይ ሲጋመስ 10 ሊትር አልቋል፤ መርፌው ግን ገና ከሦስት አራተኛ በላይ ያሳያል። ሹፌሩ ልመለስ ወይስ ልቀጥል ብሎ መወሰን የሚገባው በዚህ ቦታ ነበር፤ መርፌው ግን ሂድ ይለዋል። የታንኩ ታችኛ ክፍል ጠባብ ስለሆነ መርፌው ግማሽ ላይ ሲደርስ በታንኩ ውስጥ የቀረው 5 ሊትር ነው፤ ከዚህም ለሞተሩ የሚደርሰው 4 ሊትር ብቻ ነው። ሹፌሩ የ20 ሊትር ግማሽ 10 ነው ብሎ 250 ኪሎ ሜትር ሲያስብ፣ ነዳጁ የሚያስኬደው 100 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ መርፌው በፍጥነት ይወድቃል፤ ለመመለስ ግን ጊዜው አልፏል።

በዚህ ላይ የጭነቱ ክብደት ይታከላል። የ1 ሊትር ቤንዚን ክብደት ከአንድ ኪሎ ግራም ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ የተጨመረው 8 ሊትር 6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ትልቁ ታንክ ራሱም ከአሮጌው ይከብዳል። ይህ ክብደት ከፍ ባለ ቦታ ስለሚቀመጥ የሞተሩን ሚዛን በተለይ በአሸዋና በጭቃ ላይ ያስቸግራል።

የበረሃ ተጓዦች ትምህርት

ረጅም ርቀት የሚያስኬድ ታንክ በዓለም ላይ በሰፊው የታወቀው በበረሃ ውድድሮች ምክንያት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ፈረንሳዊው ቲየሪ ሳቢን ከአቢጃን እስከ ኒስ በሚደረግ ውድድር ላይ በሞተር ብስክሌት ሲጓዝ በሊቢያ በረሃ ጠፍቶ ነበር። ከሞት ከተረፈ በኋላ ከፓሪስ እስከ ዳካር የሚደርስ ውድድር መሠረተ። የመጀመሪያው ውድድር በ1978 ታኅሣሥ 26 ቀን ከፓሪስ ተነሣ፤ በሞተር ብስክሌት ያሸነፈውም በያማሃ ኤክስ ቲ 500 የተወዳደረው ሲሪል ነቮ ነበር።

ውድድሩ እየታወቀ ሲሄድ ፋብሪካዎች ትላልቅ ታንክ ያላቸውን ሞተሮች ለሕዝብ መሸጥ ጀመሩ። ያማሃ በ1983 በኒጀር በሚገኘው በረሃ ስም ቴኔሬ ብሎ የሰየመው ሞተር 30 ሊትር ያህል የሚይዝ ታንክ ነበረው። ቢ ኤም ደብሊው ደግሞ አር 80 ጂ ኤስ በተባለው ሞተሩ ላይ የነበረውን 19.5 ሊትር የሚይዝ ታንክ 32 ሊትር በሚይዝ ታንክ ተክቶ የፓሪስ ዳካር ዓይነት የሚባለውን አቀረበ።

እነዚህ ሁለት ሞተሮች በጠቋሚ መርፌ የሚሠራ የነዳጅ መለኪያ አልነበራቸውም። ተጓዡ የሚተማመነው በሁለት ነገሮች ነበር፤ እነርሱም ኪሎ ሜትር ቆጣሪውና መጠባበቂያው ናቸው። ታንኩ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ አንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድና ከመጨረሻው ሙሌት ወዲህ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዘ የሚያውቅ ሰው መርፌ ባይኖረውም የት ላይ እንዳለ ያውቃል።

መለኪያን እንደገና መማር

ታንኩን የለወጠ ሰው መለኪያውን እንደገና ሊማረው ይገባል። ሥራው ልዩ ዕውቀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትና ጥንቃቄ ነው።

በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶና በደንብ ቀዝቅዞ፣ ከቤት ውጭ ነፋስ በሚነፍስበት ቦታ፣ በደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በአቅራቢያው እሳት፣ ሲጋራ ወይም ብልጭታ የሚፈጥር ነገር ሊኖር አይገባም። በታንኩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ሞተሩ በሚጠቀምበት ቱቦ በኩል ተቀድቶ ያልቃል። ቱቦው መፍሰሱን ሲያቆም በታንኩ ውስጥ የሚቀረው ሞተሩ የማያገኘው ነዳጅ ስለሆነ፣ እርሱም ለብቻው ወጥቶ ይለካል።

ከዚህ በኋላ ነዳጁ መጠኑ በታወቀ ዕቃ ሊትር በሊትር ይጨመራል። መርፌው ከ«ባዶ» የተነሣበት፣ ሩብ፣ ግማሽና ሦስት አራተኛ የደረሰበት፣ በመጨረሻም «ሙሉ» ላይ የቆመበት ሊትር አንድ በአንድ በወረቀት ይጻፋል። «ሙሉ» ካለ በኋላ ስንት ሊትር እንደ ገባም መጻፍ አለበት፤ ይህ መርፌው የማያየው ነዳጅ ነውና። ታንኩ ግን እስከ አፉ አይሞላም። ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል፤ 20 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር ከሊትር አንድ ሦስተኛ የሚበልጥ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የፍጆታው ልክ ነው። ታንኩ እስከ አንድ ምልክት ይሞላል፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ቁጥር ይጻፋል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ እንደገና እስከዚያው ምልክት ይሞላና የተጓዘው ርቀት ለተጨመረው ሊትር ይካፈላል። ይህ ልክ የሚወሰደው ጉዞው በሚደረግበት ዓይነት መንገድና ጭነት ቢሆን ይመረጣል፤ የአስፋልት ልክ ለኮረኮንች አያገለግልምና። ከተገኘው ርቀት ላይ አንድ አምስተኛው ለክፉ ቀን ተይዞ ጉዞው በቀረው ይታቀዳል። በምሳሌው ላይ ያየነው ሹፌር ይህን አድርጎ ቢሆን ኖሮ፣ ከ475 ኪሎ ሜትር 95ቱን ቀንሶ በ380 ያቅድ ነበር፤ ለ500 ኪሎ ሜትሩ ጉዞም በመንገድ ላይ ነዳጅ እንደሚያስፈልገው ከመነሣቱ በፊት ይረዳ ነበር።

ሦስት ነገሮች ደግሞ ሊዘነጉ አይገባም። የታንኩ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ በአቧራ ቢደፈን፣ ነዳጁ እየጎደለ ሲሄድ አየር ሊተካው ስለማይችል ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል፤ ሞተሩም በሞላ ታንክ ይቆማል። በአዳዲስ ሞተሮች ላይ ያለው የነዳጅ ፓምፕ ብዙውን ጊዜ በታንኩ ውስጥ ስለሚቀመጥና በነዳጁ ስለሚቀዘቅዝ፣ ታንኩን አዘውትሮ ማድረቅ ፓምፑን ይጎዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤንዚን የነበረበትን ታንክ መበየድ እጅግ አደገኛ ነው። ነዳጁ ተቀድቶ ቢያልቅም በውስጡ የሚቀረው ተን ከእሳት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ይህን ሥራ ታንኩን በሚገባ የማጽዳት ዕውቀት ከሌለው ሰው ዘንድ ማሠራት በሕይወት መቀለድ ነው።

በአጠቃላይ ሲታይ መለኪያ የሚታመነው ለተሠራበት ዕቃ ነው። ዕቃውን የለወጠ ሰው ልኩን ዳግመኛ መማር አለበት፤ አለዚያ በአዲሱ ታንክ እየተጓዘ በአሮጌው ታንክ ያስባል። ባለሙያዋም ሴት የተዋሰችውን ጋን አስቀድማ በማሰሮ እየለካች ብትሞላው ኖሮ፣ በዚያው እንጨት እየለካች እንግዶቿን ሳታሳፍር ባስተናገደች ነበር። የጤና ሠራተኛውም ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን አንድ ሰዓት ወስዶ ሊትር በሊትር ቢለካ፣ ክትባቱ በረዶው ሳይቀልጥ እናቶቹ ዘንድ ይደርሳል።